የጓደኛ ወላጆች ቤት፣ ቻይና

ጥያቄ፦ ቻይና የምማር ኢትዮጵያዊ ነኝ። የክፍል ጓደኛዬ ለአዲስ ዓመታቸው ገጠር ወላጆቹ ዘንድ ጋብዞኛል። ምን ልወቅ?

መልስ፦ ሳታመነታ ሂድ፣ ወንድሜ። ፓስፖርትህን ግን አትርሳ፤ ከሆቴል ውጭ የሚያድር የውጭ ዜጋ፣ እሱ ወይም አስተናጋጁ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ አለባቸው። ባለቤቶቹ ይህን ላያውቁ ይችላሉ፤ ጓደኛህ አስቀድሞ ይጠይቅ። የባቡር ትኬትም በዚያ ሰሞን ቶሎ ያልቃል።

ፈጣኑ ባቡር በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እየበረረ ያደርስሃል። ማዕዱ ላይ ግን ከ1959 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. የነበረውን ረሃብ በልጅነታቸው ያዩ አያት ሊኖሩ ይችላሉ። አንድ ፍሬ ሩዝ እንዳይወድቅ ሲጠነቀቁ ብታይ ምክንያቱ ይገባሃል። ራሳቸው ካላነሱት አትጠይቃቸው፤ ካነሱት ጊዜ ሰጥተህ አድምጥ። ለእኔ የጉዞው ትልቁ ሀብት ይህ ነው።

ስጦታህን፣ እናትህ እንዳስተማረችህ፣ በሁለት እጅ ስጥ። ቡና መልካም ነው፤ የግድግዳ ሰዓት ግን አይሆንም፤ በቋንቋቸው «ሰዓት መስጠት» ሲባል ድምፁ ለቀብር ከመሸኘት ጋር አንድ ነው። የምትጾም ከሆነ ከመድረስህ በፊት አስነግር፤ ጎመኑም በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል።