ምዕራፍ ሰባት፦ በሽታውን የጀመረው ጂን መጨረሻውን አይናገርም

የኩላሊት ካንሰር ዕጢ በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ የታካሚውም የቤተሰቡም ጥያቄ አንድ ነው፤ ተመልሶ ይመጣ ይሆን? ዛሬ ብዙዎች መልሱን ከዘረመል ምርመራ ይጠብቃሉ። ተስፋቸው መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን ካንሰሩን ያስነሳው የጂን ጉድለት ሌላ፣ የካንሰሩን አካሄድ የሚጠቁመው ጉድለት ሌላ ነው። ይህን ሳይለይ የምርመራ ውጤት የሚያነብ ሰው ወይ ያለ ምክንያት ይደነግጣል፣ ወይ ያለ ምክንያት ይዘናጋል።

ከኩላሊት ካንሰሮች ከአራቱ ሦስት ያህሉ ክሊር ሴል የሚባለው ዓይነት ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የዕጢው ህዋሶች ውስጣቸው ባዶ ይመስላል፤ ያጨቁት ስብና ግላይኮጅን ናሙናው ሲዘጋጅ ታጥቦ ስለሚወጣ ነው። በአብዛኞቹ ላይ ቪኤችኤል የተባለው ጂን ሥራውን አቁሟል። ይህ ጂን ሲበላሽ ህዋሱ ኦክስጅን እያለው እንዳጣ ሆኖ ይንቀሳቀሳል፤ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉለትም ምልክት ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሦስት ተመራማሪዎች አንዱ ዊልያም ኬሊን ይህን አሠራር የደረሱበት በዚሁ ጂን ላይ ባደረጉት ጥናት ነው። ሆኖም በሁሉም ታካሚ ላይ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የሚገኝ ጉድለት አንዱን ታካሚ ከሌላው ሊለይ አይችልም። የቪኤችኤል መበላሸት የበሽታውን አነሳስ እንጂ ፍጥነቱን አይነግረንም።

ልዩነቱን የሚያሳዩት ቪኤችኤል በሚገኝበት በሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ከእሱ ብዙም ሳይርቁ የተቀመጡ ሁለት ጂኖች ናቸው፤ ፒቢአርኤም1 እና ባፕ1። እ.ኤ.አ. በ2013 በዳላስ የሚገኙ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳውዝዌስተርን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በዕጢያቸው ፒቢአርኤም1 ብቻ ከተበላሸባቸው ታካሚዎች ግማሾቹ ከ10.6 ዓመት በላይ ሲኖሩ፣ ባፕ1 ብቻ ከተበላሸባቸው ግን ግማሾቹ የኖሩት ከ4.6 ዓመት በላይ ነበር። ሁለቱም በአንድነት በተበላሹባቸው ጥቂቶች ላይ ቁጥሩ ወደ 2.1 ዓመት ወርዷል። በሽታው በስም አንድ ቢሆንም አካሄዱ የተለያየ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። ባፕ1 የተበላሸበት ዕጢ ብዙውን ጊዜ በማይክሮስኮፕም አስከፊ ሆኖ ይታያል፤ ታዲያ የጂን ምርመራ ምን ይጨምራል? መልሱ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ሌላ ጥናት ይገኛል። የ16 ጂኖችን የሥራ መጠን የሚለካ ምርመራ በፈረንሳይ በቀዶ ጥገና በታከሙ 626 ሰዎች ላይ ተፈትኖ፣ የዕጢው ደረጃና መጠን ከግምት ከገቡ በኋላም የካንሰሩን መመለስ በመተንበይ ረገድ ተጨማሪ መረጃ ሰጥቷል። የጂን ምልክት የፓቶሎጂ ባለሙያውን ዓይን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ተመራማሪዎች ከአንድ ዕጢ የተለያዩ ቦታዎች ናሙና ወስደው ሲመረምሩ፣ ካገኟቸው የጂን ለውጦች ሁለት ሦስተኛው ያህል በሁሉም ናሙናዎች ላይ አልታዩም። ስለዚህ በአንዲት ቁራጭ ላይ አስጊ ምልክት መገኘቱ ትርጉም አለው፤ አለመገኘቱ ግን የሌላው ክፍል ዋስትና አይሆንም። በዚህ ላይ ከፍ ብለው የተጠቀሱት የዕድሜ ዓመታት የብዙ ሰዎች ውጤት ተጠቃሎ የወጡ እንጂ ለአንድ ሰው የተቆረጡ ቀናት አይደሉም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ፔምብሮሊዙማብ በተባለው መድኃኒት የሚሰጠው ሕክምናም እስካሁን የሚወሰነው በዋናነት በዕጢው ደረጃና ስርጭት እንጂ በእነዚህ ጂኖች አይደለም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ገንዘብህን ለጂን ምርመራ ከማውጣትህ በፊት የፓቶሎጂ ውጤትህን ይዘህ ሐኪምህን ሦስት ነገር ጠይቅ። የካንሰሩ ዓይነት ምንድን ነው? ደረጃውስ ስንት ነው? የጂኑ ውጤት ሕክምናዬን ወይም የሲቲ ስካን ክትትሌን ይለውጠዋል? በወጣትነትህ ከታመምክ፣ ሁለቱም ኩላሊቶችህ ከተያዙ ወይም በቤተሰብህ ተመሳሳይ ሕመም ካለ ደግሞ በዘር ስለሚተላለፈው ዓይነት መመርመር እንዳለብህ ጨምረህ ጠይቅ። ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ "አይለውጠውም" ከሆነ ገንዘብህን ለክትትሉ አቆየው፤ ቀጠሮህንም አታሳልፍ።