የአናባቢዎች ስምምነት በኢግቦ ቋንቋ

በአማርኛ ለወንድ «ሂድ» የምንለውን ለሴት «ሂጂ» እንላለን፤ «ክፈት»ም «ክፈቺ» ይሆናል። መድረሻው «ኢ» አጠገቡ ያለውን ተነባቢ ለውጦታል። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ በሚነገረው በኢግቦ ቋንቋ ግን እርስ በርሳቸው የሚሳሳቡት አናባቢዎች ናቸው፤ በመካከላቸው የሚገኘው ተነባቢም አያግዳቸውም።

ኢግቦ ስምንት አናባቢዎች አሉት። አራቱ «ቀላል»፣ አራቱ «ከባድ» ይባላሉ። ቀላሎቹ ኢ፣ ኤ፣ ኦ እና ኡ ናቸው፤ ሲነገሩ የምላስ ሥር ወደ ፊት ስለሚገፋ ጉሮሮ ይሰፋል። ከባዶቹ አ እና የኢ፣ የኦ፣ የኡ ከባድ አቻዎች ናቸው። ባልተጣመረ ቃል ውስጥ ሁለቱ ወገኖች እንደ ደንቡ አይቀላቀሉም።

የሚከተሉትን አስተውሉ። «ሪ» መብላት፣ «ዴ» መጻፍ፣ «ሳ» ማጠብ ነው። ድርጊቱ በመፈጸም ላይ መሆኑን ለማመልከት ረዳት ግሱ «ና» ይቀድምና ዋናው ግስ ባዕድ መነሻ ይጨምራል፦

ና ኤሪ፣ ና ኤዴ፣ ና አሳ።

መነሻው አንድ ነው፤ መልኩን የሚወስነው የግሱ ሥር ነው። በኃላፊ ጊዜ ደግሞ መድረሻው የሥሩን አናባቢ እንዳለ ይደግማል፦ ሪሪ፣ ዴሬ፣ ሳራ።

ይህ ደንብ ለአንባቢም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1961 በተወሰነው አጻጻፍ መሠረት ኢግቦ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከከባድ ኢ፣ ኦ እና ኡ ሥር ነጥብ ይደረጋል። አ የራሱ ፊደል ስላለው ነጥብ አያሻውም። ብዙ ጸሐፊዎች ግን ነጥቡን ይተዉታል። «ቡ» በቀላል ኡ መሸከም፣ በከባድ ኡ መሆን ማለት ነው፤ ነጥቡ ከቀረ አይለዩም። የእኛም ፊደል አይለያቸውም። ነገር ግን «ኤቡ» የተባለ እንደሆነ መሸከም፣ «አቡ» የተባለ እንደሆነ መሆን መሆኑን መነሻው ይመሰክራል። እኛ «ገና» የሚለው ቃል መጥበቅ አለመጥበቁን የምናውቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው፤ የኢግቦ አንባቢ ግን ምስክሩን እዚያው ቃሉ ውስጥ ያገኛል።

ጥምር ቃላት ከደንቡ ውጭ ናቸው። «ኤሜካ» በሚለው የታወቀ ስም ውስጥ «ሜ» (ማድረግ) ቀላል፣ «ካ» (መላቅ) ከባድ ነው። መነሻው «ኤ» የተስማማው ከጎረቤቱ ከ«ሜ» ጋር ነው።

መልመጃ

1. የሚከተሉት ግሶች ሥር ቀላል አናባቢ ነው ወይስ ከባድ? በምን አወቃችሁ?
ኤዞ (መደበቅ)፣ አኮ (መተረክ)፣ ኤሲ (ማብሰል)፣ አዙ (መግዛት)።

2. ከእነዚህ ውስጥ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ነጥብ የሚያስፈልጋቸው የትኞቹ ናቸው?