ሥራ ፈላጊው ዋስ ከየት ያመጣል?



ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ወደ ጉባኤ ስለሚገቡ ሁለት ሰዎች ይነግረናል። አንዱ የወርቅ ቀለበት አድርጎ ያማረ ልብስ የለበሰ ነው፤ ሌላው ልብሱ ያደፈ ድኻ ነው። ለባለ ቀለበቱ የክብር ቦታ ሲሰጠው ድኻው ቆሞ ይቀራል። ይህን ንባብ ብዙ ጊዜ የምንተረጕመው በቤተ ክርስቲያን ስላለው አቀማመጥ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ሠራተኛ ወደሚቀጠርበት ክፍል ይዘነው እንግባ።

በዚያ ክፍል ድኻ አንቀጥርም የሚል የለም። ማስታወቂያው ለሁሉም ይወጣል፤ ፈተናውም አንድ ነው። ይሁን እንጂ ወሬው አስቀድሞ የሚደርሰው የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከሚያውቋቸው ቤተሰቦች ዘንድ ነው። በቃለ መጠይቁም የተማረበት ትምህርት ቤት ስም፣ የእንግሊዝኛው አነጋገር፣ ጫማው ሳይቀር ከችሎታው ጋር አብሮ ይመዘናል።

ከሁሉም ይልቅ የሚከብደው የዋስ ነገር ነው። ገንዘብ ያዥ ወይም የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ አንዳንድ ጊዜም ጥበቃ ለመሆን ዋስ ይጠየቃል፤ ዋሱም ደመወዝተኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲያመጣ ይፈለጋል። ቀጣሪው ንብረቱን መጠበቁ አያስነቅፈውም። ነገር ግን እናቷ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ያሳደገቻት፣ አባቷም በቀን ሥራ የሚኖር ልጅ ፈተናውን ካለፈች በኋላ ቋሚ ደመወዝ ያለው ዘመድ ከየት ታመጣለች? አጎቶቿም ጎረቤቶቿም ኑሯቸው እንደ ወላጆቿ ነው። የባለ ደመወዝ ልጅ ግን በአንድ ቀን ዋስ ያገኛል። እንዲህ ሲሆን ታማኝነት ይመዘናል ተብሎ የቤተሰብ ደረጃ ይመዘናል።

ዋስ ሊሆን የሚችል ሰው ቢገኝ እንኳ ይፈራል፤ የጠፋው ገንዘብ ሁሉ በእርሱ ላይ የሚወድቅ ይመስለዋልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ደንግጓል። ይህን ለምእመናን ማስረዳት ብቻውን ስንቱን ዋስ በደፋፈረ!

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት የሥራ ክብር መሠረቱ ከሁሉ አስቀድሞ ሥራውን የሚሠራው ሰው መሆኑን አስተምረዋል። ኢትዮጵያ በ1966 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 111ኛ ስምምነትም በማኅበራዊ አመጣጥ ምክንያት በቅጥር ማዳላትን ይከለክላል።

እኛም ቀጣሪዎች ነን፤ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ያላቸው ቁምስናዎች ብዙ ናቸውና። ቢያንስ ዋስ የሚጠየቀው ገንዘብና ንብረት በእጁ ለሚገባ ሠራተኛ ብቻ ይሁን፤ የገንዘቡም መጠን አስቀድሞ ይነገር። ማስታወቂያውም በከተማው ቤተ ክርስቲያን በር ብቻ ተለጥፎ እንዳይቀር፣ በገጠር ባሉት ጸሎት ቤቶች ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ። የድጋፍ ደብዳቤስ? ለታወቀ ቤተሰብ ልጅ ወዲያው እንጽፋለን፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠውን ግን ማን ልጅ እንደሆነ እንጠይቃለን።

በየቁምስናው ያሉ የጥናት ቡድኖች ያዕቆብ 2፥1-9ን ካነበቡ በኋላ እንዲህ ብለው ይወያዩ፦ ባለፈው ዓመት ከቁምስናችን የድጋፍ ደብዳቤ የወሰዱት እነማን ናቸው? ሥራ እየፈለጉ ሊጠይቁን ያልደፈሩትስ?