የአሮጌ ፒክ አፕ መኪና የጋቢና ጎሚኒዎች አለዋወጥ

መግቢያ

ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ገበሬውን የሚጠቅመው በዘር ወቅት ከእጁ ሲገባ ነው። ብዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የልማት ጣቢያዎች ይህን የሚያጓጉዙት ብዙ ዓመት ባገለገለ ፒክ አፕ ነው። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ያለው መኪና ሞተሩ ደህና እየሠራ ሳለ ጋቢናው ተንጋዶ፣ በሩ አልገጥም ብሎ፣ ወለሉ ተሰንጥቆ ይገኛል። የዚህ ብልሽት መነሻ ብዙ ጊዜ በጋቢናውና በሻንሲው መካከል ያለው ጎማ ማለቁ ነው። መካኒኮች ይህን ጎማ «ጎሚኒ» ይሉታል። ከዚህ በታች ስለ ጥቅሙ፣ ስለ ማለቁ ምልክትና ስለ አለዋወጡ እንገልጻለን።

1. የጎሚኒው ጥቅም

ሞተሩና ማርሹ የታሰሩት በሻንሲው ላይ ነው፤ መሪውና ፔዳሎቹ ግን ያሉት በጋቢናው ውስጥ ነው። ጋቢናው በሻንሲው ላይ የሚያርፍበት እያንዳንዱ መቀመጫ የላይ ጎሚኒ፣ የታች ጎሚኒ፣ በመካከላቸው የሚያልፍ የብረት ቱቦ፣ ሰፊ ሮንዴላና ብሎን አለው።

በመጥፎ መንገድ ላይ አንዱ የፊት እግር ጉድጓድ ሲገባ በዚያው ጎን ያለው የኋላ እግር ጉብታ ላይ ከወጣ ሻንሲው ይጠማዘዛል። ጎሚኒው ይህን ጥምዘዛ ስለሚቀበል ወደ ጋቢናው ብዙ አያልፍም። ጎሚኒው ሲያልቅ ግን ኃይሉ ሁሉ በጋቢናው ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። አንዳንዶች ጋቢናውን ከሻንሲው ጋር በመበየድ ድምፁን ያስቆማሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ጥቂት ቆይቶ ወለሉ በብየዳው ዙሪያ ይሰነጠቃል።

2. የማለቅ ምልክቶች

ሀ/ ጉብታ ሲታለፍ ወይም ፍሬን ሲያዝ ከወለሉ ሥር የመጋጨት ድምፅ ይሰማል።
ለ/ በጋቢናውና በጭነቱ ሣጥን መካከል ያለው ክፍተት በግራና በቀኝ እኩል አይሆንም።
ሐ/ በሮቹ ካልተነሡ በቀር አይዘጉም።
መ/ የማርሹ ዘንግ ከወለሉ ቀዳዳ ጠርዝ ጋር ይነካካል።
ሠ/ ጎሚኒው ተሰንጥቆ፣ ተጨፍልቆ ወይም በዘይት አብጦ ይታያል።

መኪናው በአንድ ወገን ያዘነበለ እንደ ሆነ ወዲያውኑ ጎሚኒ መግዛት አይገባም። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ ከመሬት እስከ ሻንሲው ያለውን ቁመት በሁለቱም ጎን መለካት ያስፈልጋል። ሻንሲው ራሱ ካዘነበለ ጉድለቱ ከባሌስትራው ወይም ከጎማው ነፋስ ይሆናል። ሻንሲው ቀጥ ብሎ ጋቢናው ብቻ ካዘነበለ ግን ጉድለቱ ከጎሚኒው ወይም ከመቀመጫው ነው።

ይህን ምልክት ማቃለል አደገኛ ነው። የመሪው ዘንግና የፍሬን ቱቦ ከጋቢናው ወደ ሻንሲው ስለሚሻገሩ ጋቢናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብረው ይጎተታሉ። ጭነት ይዞ ቁልቁለት በሚወርድ መኪና ላይ ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

3. ዝግጅት

ጎሚኒው በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲለወጥ እንመክራለን። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሲደባለቅ ቁመቱ እኩል ስለማይሆን ጋቢናው ይንጋደዳል። የፊቱና የኋላው፣ የላዩና የታቹ ሊለያይ ስለሚችል ግዢው በሻንሲው ቁጥር ይፈጸም።

ብሎኖቹ በሥራው ዋዜማ በብረት ብሩሽ ተጠርገው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይጠጡ። በማግስቱ የባትሪው ኔጌቲቭ ሽቦ ይነቀላል፤ ጎማዎቹ በታኮ ይያዛሉ። ለሥራው አንድ መካኒክና ሁለት ረዳቶች ያስፈልጋሉ።

4. አሠራር

1ኛ/ በሁለቱም ጎን ያሉት ብሎኖች ይላላሉ። ከዚያ የአንዱ ጎን ብቻ ይወጣል። የሌላው ጎን ላልቶ በቦታው ይቆያል፤ ጋቢናው እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ዳዶው በወለሉ ውስጥ የተበየደ ከሆነና ብሎኑ እምቢ ካለ በኃይል ማዞር ብየዳውን ይገነጥላል፤ ዘይት ደግሞ መጠበቅ ይሻላል።

2ኛ/ በክሪኩ ራስ ላይ ወፍራም ጣውላ ተደርጎ ጋቢናው በጠንካራው የጎን ብረት በኩል በዝግታ ይነሣል። ስሱ የወለል ቆርቆሮ አይደገፍም። የሚነሣው ጎሚኒው እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው።

3ኛ/ ሲነሣ አንዱ ረዳት የመሪውን ዘንግ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ቱቦዎችን፣ የእጅ ፍሬኑን ገመድ፣ ሽቦዎችንና የራዲያተሩን ማራገቢያ ይጠብቅ። የሚወጠር ወይም የሚነካካ ነገር ከታየ ማንሣቱ ቆሞ መጀመሪያ እሱ ይላላል።

4ኛ/ ከጎሚኒው በፊት በጋቢናውና በሻንሲው መካከል ጉማጅ እንጨት ይግባ። በክሪክ ብቻ በተያዘ ጋቢና ሥር እጅ ማስገባት ክልክል ነው።

5ኛ/ አሮጌው ከወጣ በኋላ መቀመጫው ይመረመራል። ዝገት የበላው ወይም ቀዳዳው የሰፋ መቀመጫ ሳይጠገን አዲስ ጎሚኒ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው። ደህናው ተፍቆ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። ከጎሚኒው ጋር ስስ የማስተካከያ ብረቶች ካሉ ብዛታቸው ተመዝግቦ ወደየቦታቸው ይመለሱ።

6ኛ/ የላቀቀው ዘይት በደንብ ይጠረግ። ዘይት፣ ግራሶና ናፍጣ ጎማን ያሳብጣሉ። አዲሱ ጎሚኒ አልገባ ካለ በሳሙና ውሃ ይርጠብ።

7ኛ/ ጋቢናው ወርዶ ብሎኖቹ በእጅ ይያዛሉ፤ ከዚያ ሌላው ጎን በዚሁ ዐይነት ይሠራል። የመጨረሻው ማጥበቅ የሚደረገው ሁሉም ከገቡ በኋላ በፋብሪካው መመሪያ ልክ ነው። የብረቱ ቱቦ ሳይገባ ቢጠብቅ ጎሚኒው ተጨፍልቆ ቶሎ ያልቃል።

5. ከአሮጌ ጎማ ስለሚቆረጥ ጎሚኒ

ዕቃው በማይገኝበት አካባቢ ከመኪና ጎማ ቆርጦ መጠቀም የተለመደ ነው። የጎማው ጥንካሬና ውፍረት ከትክክለኛው ስለሚለይ መኪናውን ወደ ጋራዥ ለማድረስ ካልሆነ በቀር አይመከርም። ግድ ሲሆን በሁሉም መቀመጫዎች ላይ እኩል ውፍረት ይኑረው።

ማጠቃለያ

ሥራው እንዳለቀ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ይዞራል፤ ፍሬኑ፣ ማርሹና በሮቹ ይፈተሻሉ። ከ500 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይታያሉ። ቀኑና ኪሎ ሜትሩ በመኪናው መዝገብ ይጻፍ። ማኅበራት ይህን ጥገና የማዳበሪያ ማጓጓዝ ከመጀመሩ በፊት በበጋው እንዲያጠናቅቁ፣ የልማት ሠራተኞችም ምልክቶቹን ለሾፌሮች እንዲያስረዱ አደራ እንላለን።