ከጋዋኑ በፊት

ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጅ የሚሰጠው ምክር ይታወቃል፦ «በርትተህ ተማር፣ ተመረቅ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።» ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። የሚመክሩትም እናትና አባት፣ ታላቅ እህት፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩን ጎረቤቶች ናቸው። እኔ ግን በመጨረሻው ሐረግ አልስማማም። በዓለም ላይ ለወጣቶች ከተዘጋጁት ድንቅ የትምህርት ዕድሎች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ያልተመረቀ ሰው ነው። መስፈርታቸው ላይ «በዩኒቨርሲቲ የተመዘገበ ተማሪ» ብለው በግልጽ ይጽፋሉ። ጋዋን ለብሳችሁ ከቤተሰብ ጋር ፎቶ በተነሣችሁ ማግሥት ለእነዚያ ዕድሎች አርፍዳችኋል። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለችው የተማሪ መታወቂያ ካፌና ላይብረሪ ከማስገባት የበለጠ ጉልበት አላት።

አንዱን ዕድል በዝርዝር ልንገራችሁ። ሰርን የሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ ከጄኔቫ አጠገብ ይገኛል። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ዛሬ በስልካችን የምንከፍተው ድረ ገጽ ሁሉ የቆመበትን ሐሳብ ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ያቀረበው እዚያ ሲሠራ ነበር። ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር በሚዞረው ማሽን የሂግስ ቦዞን ቅንጣት መገኘቱ በ2012 የተበሠረውም ከዚያው ነው። እዚህ ቦታ በየክረምቱ ገና ዲግሪ ያልያዙ ተማሪዎች ተጋብዘው ይገባሉ። የማዕከሉ አባል ካልሆኑ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎችም የተለየ የማመልከቻ መንገድ አለ፤ ለእኛ የሚሆነው ይኼኛው ነው። ፊዚክስ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም ሒሳብ የሚማር፣ እስከ ክረምቱ ድረስ ቢያንስ ሦስት ዓመት የተማረ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ማመልከት ይችላል። ቆይታው ከ8 እስከ 13 ሳምንት ነው። ተማሪዎቹ ከተመራማሪዎች ሌክቸር ይከታተላሉ፤ የቀረውን ጊዜ ከአንድ የምርምር ቡድን ጋር እውነተኛ ሥራ ይሠራሉ። የቀን አበል፣ የጤና መድንና ለጉዞ ድጋፍ ይሰጣቸዋል።

አሁን ቀኑን ወደ ኋላ እንቁጠረው። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ መጨረሻ ነው፤ በእኛ ጥር ሃያዎቹ ውስጥ ይውላል። በአራት ዓመት ለሚመረቅ ተማሪ ዋናው ጊዜ የሦስተኛ ዓመት ጥር ነው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ስለ እናንተ የሚመሰክር የመምህር ደብዳቤ ያስፈልጋል። በታኅሣሥ የተዋወቃችሁት መምህር ደግሞ በጥር ብዙ ሊመሰክርላችሁ አይችልም። እንግዲህ ሥራው የሚጀመረው በሁለተኛ ዓመት ነው። ፍሬሽማን ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ልጆች፣ ጊዜው ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ነው፤ እንኳን ደስ አላችሁ!

ስለ ደብዳቤው ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚቀሩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ተማሪዋ ጨዋና ታታሪ ናት» የሚል ደብዳቤ ለማንም ይጻፋል። ሰሚ የሚያገኘው «የላብራቶሪው ውጤት አልገጥም ሲል አምሽታ ጉድለቱ ከመሣሪያው መሆኑን ያገኘችው እሷ ናት» የሚለው ነው። መምህሩ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከየት ያመጣል? አብራችሁት ከሠራችሁ ብቻ። በየዲፓርትመንቱ ያሉ መምህራን የማስተርስ ወይም የፒኤችዲ ጥናት ይሠራሉ፤ የምርምር ፕሮጀክትም ይኖራቸዋል። መጠይቅ የሚያስሞላ፣ ናሙና የሚሰበስብ፣ ዳታ ኤክሴል ላይ የሚያስገባ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ባሕር ዳር የሚማር ልጅ ጣናን የወረረው እምቦጭ ደጁ ላይ ነው፤ ጅማ የሚማር ልጅ የቡና ጥናት በቅርቡ አለለት። እኛን የሚይዘን ይሉኝታ ነው። መምህሩ ቢሮ ገብተን «ዶክተር፣ የጻፉትን አንብቤያለሁ፤ በትርፍ ሰዓቴ ባግዝዎት ደስ ይለኛል» ማለት ድፍረት ይመስለናል። ድፍረት አይደለም። ሰማንያ ተማሪ ለሚያስተምር መምህር ሥራውን አንብቦ የመጣ ልጅ ማግኘት ትልቅ ደስታ ነው። አንዱ «አሁን ጊዜ የለኝም» ቢላችሁ ኮሪደሩ ላይ ሌላ በር አለ፤ አንኳኩ።

ከክፍል ወጥቶ መማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒተሪያን ተማሪዎችን በአንድ ቡድን አድርጎ ጤና ጣቢያ ላይ ያሠለጥን ነበር። ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ የሚያወጣበት የትምህርት ስልት እስካሁን መታወቂያው ነው። እንዲህ ያለ የመስክ ፕሮግራም ደርሷችሁ ከሆነ ለግሬድ ብቻ አትውጡ። ያያችሁትን በየማታው ጻፉ። የየትኛው ሠፈር ውኃ ለምን እንደተበከለ፣ እናቶች ለምን ጤና ጣቢያ እንዳልመጡ፣ ቡድናችሁ ምን ሞክሮ ምን እንደከሸፈበት መዝግቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ስለ ራስህ ጻፍ» የሚል ማመልከቻ ሲመጣ ከቴሌግራም የተገለበጠ ሞቲቬሽን ሌተር አያስፈልጋችሁም። የራሳችሁ ታሪክ አላችሁ፤ መራጮች ደግሞ የተገለበጠውን ከሩቅ ያውቁታል።

ሌሎቹን ፈጠን ብዬ ልንገራችሁ። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከጅዳ በስተሰሜን ያለው ካውስት ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የጨረሱ ተማሪዎችን ለሦስት እስከ ስድስት ወር ለምርምር ይቀበላል። የአውሮፕላን ቲኬት፣ ማደሪያና በወር 1,000 ዶላር ገደማ ይሰጣል፤ በምላሹ 3.5 እና ከዚያ በላይ ግሬድ ይጠይቃል። ጃፓን ኦኪናዋ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋምም ለዲግሪ ተማሪዎች ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረው የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤት ደግሞ ከአህጉሩ ሁሉ ተማሪዎችን ሰብስቦ ለሳምንታት ያስተምራል፤ ጋና፣ ሴኔጋል፣ ሩዋንዳና ናሚቢያም አስተናግደውታል። ፓስፖርት ሳያስፈልግም ዕድል አለ፦ ኤ ቱ ኤስ ቪ የተባለው ሥልጠና አዲስ አበባና አዳማ ያሉ ተማሪዎችን ያለ ክፍያ በፕሮግራሚንግ አሠልጥኖ አንዳንዶቹን ጉግልን ወደመሰሉ ኩባንያዎች አድርሷል።

«እኔ ሶሻል ሳይንስ ነኝ፤ ይህ ሁሉ ለእነሱ ነው» የምትሉ ልጆች ቅሬታችሁ ይገባኛል። ለሳይንስ ተማሪ የተዘረጋው በርግጥ ይበልጣል። ለእናንተም ግን አለ። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብቶች ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የአፍሪካ የሕግ ተማሪዎችን በምስለ ችሎት ያወዳድራል። ከየዩኒቨርሲቲው ሁለት ተማሪዎች ይላካሉ፤ የተፈጠረ ጉዳይ ይሰጣቸውና ለሁለቱም ወገን ተዘጋጅተው ዳኞች ፊት ቆመው ይከራከራሉ። ከዚያ ዝግጅት በኋላ የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተርን የሚያውቁበት መንገድ ለፈተና ከሸመደደ ሰው ጋር አይወዳደርም።

ለማንኛውም ዘርፍ የሚሆነው ደግሞ ኢራስመስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 አስራ አንድ የአውሮፓ አገሮች 3,244 ተማሪዎችን በመለዋወጥ ጀመሩት። ዛሬ ከአውሮፓ ውጭ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ስምምነት ካላቸው የዲግሪ ተማሪዎቻቸውን ለአንድ ሴሚስተር ወይም ለሁለት መላክ ይችላሉ። ተማሪው ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ ለኑሮና ለጉዞ ድጋፍ ያገኛል፤ እዚያ የተማረው ኮርስ እዚህ ይያዝለታል። ቁልፉ «ስምምነት ካላቸው» የሚለው ነው። ስለዚህ ጉግል ላይ ከመድከማችሁ በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲያችሁ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮ ሂዱና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከየትኞቹ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የዲግሪ ተማሪ የመላላክ ስምምነት አለን?» ዝርዝሩን ጻፉ። የእናንተ ዲፓርትመንት ከሌለበት መቼ ሊገባ እንደሚችል ጠይቁ፤ ተማሪ የማይጠይቀው ስምምነት ሳይታደስ ይቀራል።

ከሁሉም በፊት ፓስፖርት አውጡ። ተመርጦ ቪዛ ሳይደርስለት የቀረ ልጅ ማየት ልብ ይሰብራል። ትራንስክሪፕታችሁን ከሬጅስትራር ቀድማችሁ ጠይቁ። የእኛ የትምህርት ዘመን አንዳንዴ ይገፋልና ክረምት ላይ ፈተና ሊገጥማችሁ ይችላል፤ እንደተቀበሏችሁ ለዲፓርትመንት ኃላፊው በደብዳቤ አሳውቁ። ገንዘብ ተቀብሎ «እኔ አስገባችኋለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ አትስሙት። ሰርን፣ ካውስትና ኦኪናዋ ለእነዚህ ፕሮግራሞች የማመልከቻ ክፍያ አይጠይቁም፤ ማመልከቻውም በራሳቸው ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው።

አንድ ልመና አለኝ፤ እነዚህን ዕድሎች አግኝታችሁ ለተመለሳችሁ ልጆች። ጎበዝ ልጅ በየግቢው ሞልቷል፤ የጎደለው ወሬው ነው። በጥቅምት አንድ ምሽት አዳራሽ አስፈቅዱና ሁለተኛ ዓመቶችን ጥሩ። ፎቶ ብቻ አታሳዩአቸው። የላካችሁትን ጽሑፍ፣ ሳይቀበሏችሁ የቀሩትን ጭምር፣ በፕሮጀክተር አውጥታችሁ አንብቡላቸው፤ ደብዳቤ የጻፈላችሁን መምህር ጋብዙ፤ ከመውጣታቸው በፊትም ጥር ላይ ማን ለየትኛው እንደሚያመለክት ስማቸውን መዝግቡና በታኅሣሥ ደውሉላቸው።