የግጦሽ ሣር፦ በዓይን ወይስ በሚዛን?

በነሐሴ ወር የሱሉልታን ሜዳ ያየ ሰው «ለላም ጥጋብ ነው» ይላል። አረንጓዴነቱ ግን ዓይን ያታልላል። የክረምት ለጋ ሣር ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ውሃ ነው። ለላሟ ወተትና ሥጋ የሚሆናት ውሃው ወጥቶ የሚቀረው ነው፤ ባለሙያዎች ደረቅ ቁስ ይሉታል።

ታዲያ ሜዳው ላይ ስንት ኪሎ አለ? ይህን ለማወቅ ነገ በምንመደብበት የገጠር ትምህርት ቤት የሚገኝ ዕቃ ይበቃል፤ አራት ባለ 50 ሳንቲ ሜትር እንጨት፣ ማጭድና ትንሽ ሚዛን። እንጨቶቹ በአራት ማዕዘን ሲታሠሩ ሩብ ካሬ ሜትር ይይዛሉ።

ችግሩ ያለው አጣጣሉ ላይ ነው። ሰው ሆኖ ሣሩ ወደበዛበት እጁ የማይሄድ የለም! ስለዚህ ሜዳውን እየተጠማዘዙ በማቋረጥ በየሃያ እርምጃው እግር በደረሰበት መጣል ነው። ማጌጥ ላይ ቢያርፍ ደግ፤ ባዶ መሬት ላይ ቢያርፍም ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ዜሮም ቁጥር ነው። ከመሬት ሦስት ጣት ያህል ትቶ ማጨድ ይገባል፤ ከዚያ በታች የተጋጠ ሣር ቶሎ አያገግምምና።

ለምሳሌ አሥር ቦታ ታጭዶ አማካዩ 200 ግራም ሆነ እንበል። በካሬ ሜትር 800 ግራም፣ በሄክታር 8,000 ኪሎ እርጥብ ሣር ማለት ነው። ከዚሁ 500 ግራም ወስደን ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ብናደርቀውና 100 ግራም ቢቀር፣ ደረቁ 20 በመቶ ነው። ስለዚህ በሄክታር 1,600፣ በግማሽ ሄክታር 800 ኪሎ።

400 ኪሎ የምትመዝን የምትታለብ ላም በቀን ከክብደቷ 3 በመቶ ያህል፣ ማለትም 12 ኪሎ ደረቅ ቁስ ትፈልጋለች። አራት ላሞች 48 ኪሎ። 800 ለ48 ሲካፈል አሥራ ስድስት ቀን ይመጣል፤ እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ላም ያለውን ሁሉ አትበላም፤ ትረግጣለች፣ ትተኛበታለች፣ እበት የወደቀበትን ታልፋለች። ለጥንቃቄ ግማሹን ብቻ ብንቆጥር ስምንት ቀን ነው። ባለቤቱ በዓይኑ «ወር ያቆያል» ብሎ ከሆነ፣ ጉዳቱን ላሟ ትሸከማለች። በተለይ በቅርብ የወለደች ላም የራሷን ሥጋ እያቀለጠች ስለምትታለብ፣ ወተቱ ሳይጎድል አጥንቷ ይወጣል፤ ባለቤቱም ዘግይቶ ነው የሚነቃው።

በኒውዚላንድ ገበሬዎች በዘንግ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል ሳህን ሣሩ ላይ እያሳረፉ ቁመቱን ይለካሉ፤ በቀመርም ወደ ኪሎ ይለውጡታል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን ቀመሩ ለእነሱ ሣር የወጣ ስለሆነ ለኛ ሰርዶና ሰንበሌጥ እንዳለ አይወሰድም፤ መጀመሪያ በማጭድና በሚዛን መፈተሽ አለበት።

«ግማሹ» ያልነውም ቢሆን መለካት ይቻላል። ላሞቹ ከወጡ በኋላ በዚያው መንገድ እንደገና አጭዶ መመዘን ነው። የፊቱና የኋላው ልዩነት የተበላውንና የተረገጠውን ያሳያል፤ የተረገጠው ከመሬት ተለቅሞ ለብቻው ይመዘናል።