ተራራ የሚወጡ ባቡሮች

መመሪያ፦ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብባችሁ ከሥሩ ለቀረቡት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

የባቡር መንኮራኩርም ሆነ የሚሽከረከርበት ሐዲድ ከብረት የተሠሩ ናቸው። ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር ፍትጊያው አነስተኛ ስለሆነ ባቡር በሜዳ ላይ ከባድ ጭነት በጥቂት ጉልበት ይጎትታል። ዳሩ ግን በሜዳ የጠቀመው ይኸው ጠባይ በዳገት ላይ ይጎዳዋል፤ መንኮራኩሩ ሐዲዱን ቆንጥጦ መያዝ ስለሚሳነው ባለበት ይሽከረከራል፤ ወይም ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

መሐንዲሶች ይህን ችግር ለማሸነፍ በሁለት ዘዴዎች ተጠቅመዋል። አንደኛው መንገዱን በማርዘም ዳገቱን ማለዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ከምጽዋ ተጀምሮ በ1911 አሥመራ የደረሰው የባቡር መንገድ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ይህ መንገድ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ደጋ የወጣው፥ ተራራውን እየዞረ፥ በድልድይ እየተሻገረና በዋሻ እያለፈ ነበር።

ተራራው መዞሪያ ስፍራ ሲነሣ ግን ሁለተኛው ዘዴ የግድ ይሆናል። ይኸውም በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ጥርስ ያለው ሦስተኛ ሐዲድ መዘርጋት ነው። ከባቡሩ ሥር ያለው ባለጥርስ መንኮራኩር፥ ሰው በመሰላል እንደሚወጣ ሁሉ፥ ጥርሶቹን በሐዲዱ ጥርሶች መካከል እያስገባ ሽቅብ ይወጣል። በዚህ ዓይነት የተሠራው የመጀመሪያው የተራራ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካ በዋሽንግተን ተራራ ላይ ሥራ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላም ኒክላውስ ሪገንባኽ የተባለው መሐንዲስ በስዊስ አገር ሪጊ በተባለው ተራራ ላይ ተመሳሳይ መንገድ ሠራ። በእነዚህ መንገዶች ላይ ሎኮሞቲቩ የሚቆመው ከፉርጎው በታች ነው፤ ሲወጣ ይገፋዋል፥ ሲወርድ ደግሞ ደግፎ ይይዘዋል።

በዚያው በስዊስ አገር የሚገኘው የፒላቱስ ተራራ የባሰ ፈተና አቀረበ። መንገዱ እጅግ ቀጥ ባለበት ስፍራ፥ ባቡሩ በአግድም 100 ሜትር ሲራመድ ከፍታው በ48 ሜትር ይጨምራል። በእንዲህ ያለ አቀበት ላይ የመንኮራኩሩ ጥርስ ከሐዲዱ ጥርስ ዘሎ ሊወጣና ተሳፋሪዎቹን ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ ኤድዋርድ ሎኸር የተባለው መሐንዲስ የሐዲዱን ጥርሶች ወደ ላይ በማድረግ ፈንታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አደረጋቸው። ከሥር የተጋደሙት ጥንድ መንኮራኩሮች ሐዲዱን ከሁለት ወገን እንደ ጉጠት ስለሚይዙት ባቡሩ ሊያመልጥ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1889 የተከፈተው ይህ መንገድ በመጀመሪያ በእንፋሎት፥ ከ1937 ጀምሮ ግን በኤሌክትሪክ ኃይል አገልግሏል።

እንግዲህ ተራራውን ያሸነፈው የሞተር ጉልበት ብቻ አይደለም። ብርቱ ሞተር መያዣ ካጣ ይንሸራተታል፤ አስተማማኝ መያዣ ያገኘ ግን ቀስ እያለም ቢሆን ከጫፍ ይደርሳል።

ሀ. የቃላት ፍች
ፍትጊያ — ሁለት ነገሮች ሲተሻሹ እንቅስቃሴን የሚገታ ኃይል
ጠረፍ — ዳርቻ
ጉጠት — አንጥረኛ የጋለ ብረት የሚይዝበት መሣሪያ

ለ. ጥያቄዎች
1. ባቡር በሜዳ ላይ የሚጠቅመው ጠባይ በዳገት ላይ የሚጎዳው ለምንድን ነው?
2. ሎኮሞቲቩ ከፉርጎው በታች የሚቆምበትን ምክንያት አስረዱ።
3. የሪገንባኽና የሎኸር ዘዴዎች በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
4. «ማለዘብ»፥ «የግድ» እና «አቀበት» በሚሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።